ስለ ግቢያችን ቃጫ
(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት በዓል ላይ በግቢ ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)

 

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለ ግቢው አትክልት ተናገሩ» ሲለን መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። ስለ ማኅበሩ ታሪክ፣ ስለ እድሩ፣ ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት የሚናገሩ ተመድበዋል። እኛ የግቢ ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነን፤ ሁለታችን ባለሱቅ፣ አንዳችን የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ። ሦስታችንም ሃምሳን አልፈናል፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የዘለለም በመካከላችን የለም። ስለዚህ እንደ እርሻ ባለሙያ አትስሙን። የምንናገረው በእጃችን ከነካነው፣ በእሾሁ ከተወጋነው፣ ናይሮቢ ያሉ የችግኝ ነጋዴዎችን ከጠየቅነውና ልጆቻችን አንብበው ካስረዱን ነው። የምንጠራቸው ዓመቶችም ሁሉ እዚህ በምንጠቀምበት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልን።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከበሩ በስተቀኝ ያለው ትልቁ ቃጫ ዘንድሮ ከመካከሉ ግንድ አወጣ። ግንዱ የአዳራሹን ጣሪያ አልፎ አበበ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ፎቶ ሲያነሳው ሰነበተ፤ «ሃያ አራት ዓመት ዝም ብሎ ለበዓላችን አበበ» ተባለ። ቆይቶ ግን የታችኞቹ ቅጠሎች እየቢጫ እየተኛ ሲሄዱ ወሬው ተለወጠ። «ማኅበሩ በሚከበርበት ዓመት በበራችን ላይ የሚሞት ነገር ደግ አይደለም፣ ይቆረጥ» የሚሉ ተነሡ። ባለፈው ቅዳሜ መጋዝ ይዞ የመጣም አለ። ማን እንደሆነ አንናገርም፤ ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጧል፤ በቅንነት እንዳደረገውም እናውቃለን። «እስከ በዓሉ ታገሠን፣ ሰው ፊት እንናገርና ጉባኤው የወሰነውን እናደርጋለን» ብለን ለመንነው፤ ታገሠን። እንግዲህ የቆምነው ስለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። አንዱ «ቃጫ» ይለዋል፣ አንዱ «እሬት»፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት በሰሙት «ሲሳል»፣ ስዋሂሊ የለመደው «ምኮንጌ»። ተክሉ አጋቬ ነው። አጋቬ የአንድ ተክል ሳይሆን የአንድ ሰፊ ቤተሰብ ስም ነው፤ አገሩም ሜክሲኮና በዙሪያዋ ያለው ደረቅ ምድር ነው። ገመድና ጆንያ የሚሠራበት ሲሳል የዚህ ቤተሰብ አንድ አባል ነው፤ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ያለ ነው። የእኛው፣ ቅጠሉ ግራጫ ሰማያዊ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነው፣ የሲሳል ወንድም ነው፤ ባለሙያዎች አጋቬ አሜሪካና ይሉታል። አዲስ አበባ ዙሪያም ሆነ በሰሜን ኢትዮጵያ በየአጥሩ ያያችሁት እርሱን ነው። ቃጫ ካልነው ግን ማንም አይቀየመንም፤ እኛም ቃጫ እያልን እንቀጥላለን። ጉራጌ አገር ያደጉት አባሎቻችን ቃጫ ሲባል የሚያስቡት እንሰቱን ነው፤ እነርሱም ልክ ናቸው፣ ቃጫ የክሩ ስም ነውና።

እሬት ግን አይደለም። ይህን ጠበቅ አድርገን የምንናገረው አንድ ወጣት አባላችን እሬት መስሎት የቃጫውን ፈሳሽ ክንዱ ላይ ቀብቶ ሦስት ቀን ሲያክ ስለሰነበተ ነው። የቃጫ ፈሳሽ ቆዳ ይለበልባል። እሬት የዚሁ የእኛው ምድር ተክል ነው፤ እናቶቻችን ልጅ ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡት መራራ ነገር ነው። ለመለየት ቀላል ነው፤ የእሬት ቅጠል ሲሰበር ውስጡ እንደ እንቁላል ነጭ ያዳልጣል፣ የቃጫ ቅጠል ሲሰበር ክር ይጎተታል። እሬት ከጎለመሰ በኋላ ዓመት ጠብቆ ደጋግሞ ያብባል። ቃጫ የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው። እግረ መንገዳችንን፣ እሬት የሚፈልግ ሰው ከዱር ቆፍሮ እንዳያመጣ። በኬንያ የዱር እሬት መልቀም በ1986 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ተከልክሏል፤ ችግኝ ከሚሸጥበት ግዙ።

ሲሳልም ለምሥራቅ አፍሪካ እንደ እኛው መጤ ነው። በ1893 ሪቻርድ ሂንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ የእርሻ ሰው ከአሜሪካ ፍሎሪዳ 1,000 ያህል ችግኝ አስጭኖ ዛሬ ታንዛንያ ወደምትባለው አገር አስመጣ። ታንጋ ሲደርስ በሕይወት የተገኙት 62 ብቻ ነበሩ። በኋላ ታንጋን ያለበሰው እርሻ የተነሣው ከእነዚያ 62 ነው፤ በእኛም አገር በኬንያ ታይታ ታቬታና ኪሊፊ ብትሄዱ ዓይን እስኪደክም ሲሳል ታያላችሁ። የካምባና የኪኩዩ ሴቶች የሚሠሩት ኪዮንዶ የሚባለው ዘንቢልም ከዚሁ ክር ነው። በሱቃችን እስከ ዛሬ የቃጫ ገመድ እንሸጣለን። የላስቲኩ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የውኃ አህያ ያላቸው ሰዎች «ላስቲክ የአህያውን ገላ ይቆርጣል» ብለው የቃጫውን ይመርጣሉ።

ወደ ግቢያችን እንመለስ። ማኅበሩን በ2000 ስንመሠርት ሃያ አባወራ አንሞላም ነበር። ግቢው ቀይ አፈር፣ ምስጥና ከግንባታ የተረፈ ድንጋይ ብቻ ነበር። በማግስቱ ዓመት ሹፌሩ ወንድማችን ከናይሮቢ ሸቀጥ ጭኖ ሲመጣ በማዳበሪያ ከረጢት ስምንት የቃጫ ችግኝ ይዞ መጣ። ከአንድ ቤት አጥር ሥር ተነቅለው ሊጣሉ ሲሉ ለምኖ የወሰዳቸው ናቸው። ያኔ ከኢሲዮሎ ወዲህ አስፋልት አልነበረም፤ አስፋልቱ እስከ እኛ የደረሰው በ2010ዎቹ አጋማሽ ነው። መኪናው ቱርቢ አጠገብ ተሰብሮ መለዋወጫ ሲጠበቅ ችግኞቹ ከረጢት ውስጥ ዘጠኝ ቀን ቆዩ። ስንፈታቸው ሥራቸው ደርቆ፣ የተቆረጡበት ቦታ እንደ ቁስል ቅርፊት ይዞ ነበር። ሞተዋል ብለን ልንጥላቸው ስንል ሹፌሩ «ይህን ያህል መንገድ ያመጣሁትን አልጥልም» አለ።

ያን ጊዜ ያላወቅነው፣ ያ ዘጠኝ ቀን የጠቀማቸው መሆኑን ነው። የቃጫ ልጅ ከእናቱ ሲቆረጥ ቁስሉ ሳይደርቅ እርጥብ አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ጥላ ላይ አንድ ሳምንት ያህል ሲቆይ ቁስሉ ይዘጋል። እኛ አዋቂ ሆነን አይደለም፤ መኪና ተበላሽቶብን ነው።

ቀጥሎ ያደረግነው ግን ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የእኛ የኮሚቴው ነው። ስምንት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ፍግ ሞልተን ተከልናቸው፤ በየማታው ለእያንዳንዱ ግማሽ ጀሪካን ውኃ እናጠጣ ነበር። ያ ዘመን ድርቅ የነበረበት ነው፤ ሰው ሁሉ ውኃ በጀሪካን ይገዛል። አንዲት እናታችን በአጥሩ በኩል ቆማ ስታየን ቆየችና «ልጆቼን በአንድ ጀሪካን ሦስቱንም አጥባለሁ፤ እናንተ እሾህ ታጠጣላችሁ?» አለችን። እኛም «እትዬ፣ ግቢው ይመር ብለን ነው» ብለን መለስን። እርሷ ሳትመልስልን ሄደች።

በአራት ወር ውስጥ አምስቱ ሞቱ። ቅጠላቸው ከሥር ቢጫ ሆነ፣ ሲነኩት እንደ ተቀቀለ ጎመን እየላላ ይወጣል፣ ሽታውም አይጣል ነው። መጀመሪያ ውኃ ያነሳቸው መስሎን ጨመርንላቸው። የተረፉት ሦስቱ በበሩ በስተቀኝ፣ ከግንባታ የተረፈው ድንጋይና ጠጠር የተከመረበት ተዳፋት ላይ የነበሩት ናቸው። ወደዚያ ጀሪካን ይዞ መውጣት ስለሚያስቸግር አንዳንድ ቀን እንዘላቸው ነበር። የዳኑት የዘለልናቸው ናቸው። የዛሬው ባለ አበባ ከእነዚያ ሦስት አንዱ ነው።

ለምን እንደዚህ ሆነ? በኋላ ልጆቻችን አንብበው እንዳስረዱን ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛውም ተክል በቅጠሉ ላይ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ በእነርሱ አየር ያስገባል፣ በዚያውም ውኃው ይተናል። አብዛኛው ተክል ቀዳዳውን የሚከፍተው ቀን ነው። ቃጫ ግን በፀሐይ ይዘጋና ሌሊት ሲበርድ ይከፍታል፤ የሚፈልገውን አየር ሌሊት ሰብስቦ በውስጡ አሲድ አድርጎ ያስቀምጥና ቀን በፀሐዩ ይሠራበታል። እኛ ባለሱቆች ይህን ለመረዳት አልተቸገርንም። በሞያሌ ቀትር ላይ ሱቁን ገርበብ አድርጎ ማታ ሲቀዘቅዝ የሚከፍት ነጋዴ ሞልቷል። ቅጠሉ ወፍራም የሆነው ውኃ ማጠራቀሚያ ስለሆነ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው እንደ ሰም ያለ ነጭ ብናኝ ውኃው እንዳይወጣ ይከለክላል። ቅጠሎቹ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ዙሪያውን የተደረደሩትም የወረደውን ካፊያ ወደ መካከል፣ ከዚያም ወደ ሥር እንዲያወርዱ ነው። ሥሩ ጥልቅ አይደለም፤ ከአፈሩ ገጽ ብዙም ሳይርቅ ወደ ጎን ይዘረጋል። ለዚህ ነው ትንሽ ዝናብ የሚበቃው፤ ለዚህም ነው ውኃ የሚተኛበት ጉድጓድ የሚገድለው።

ከዚያ በኋላ አተካከላችንን ለወጥን። በቡርጂና በኮንሶ በኩል የመጡ፣ ድንጋይ መካብ ከአባቶቻቸው የተማሩ አባሎች አሉን፤ የኮንሶ የድንጋይ እርከን በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ መሆኑን ታውቃላችሁ። እነርሱ ከአዳራሹ ጣሪያ የሚወርደው ጎርፍ በሚያልፍበት ተዳፋት ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ የድንጋይ ካብ ሠሩልን። ከካቡ ጀርባ አፈር ከፍ አድርገን ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር ቀላቅለን፣ ያለ ፍግ፣ የቃጫ ልጆችን ከፍ ካለው ላይ፣ ሽፈራውን ዝቅ ካለው ላይ ተከልን። ጎርፉ መጥቶ ካቡ ላይ ይበርዳል፣ አፈሩን ያጠጣል፣ የተረፈው ያልፋል። አዲስ ለተተከለ ቃጫ በመጀመሪያው ዓመት በደረቅ ወራት በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ጣሳ ውኃ እንሰጣለን። ከዚያ ወዲያ ምንም። ሽፈራው ቅጠሉ ይበላል፣ ቃጫ አይበላም፤ ስለዚህ የእቃ ማጠቢያ ውኃ ካለን ለሽፈራው ነው።

አሁን ስለማይወደደው ነገር እንናገር። በ2009 አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ኳስ እያባረረ ሮጦ ተደናቅፎ በቃጫው ላይ ወደቀ። የቅጠሉ ጫፍ ያለችው እሾህ ጥቁር ናት፣ እንደ ወስፌ ናት። ከቅንድቡ በታች ገባች። ከዓይኑ የራቀችው በአንድ ጣት ውፍረት ነበር። ልጁን ይዘን ወደ ሐኪም ስንሮጥ ከሦስታችን አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም። ዓይኑ ተረፈ፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ። በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤ ተጠራ፣ ቃጫው ይነቀል ተባለ። የልጁ እናት ስትናገር እንዴት እንደነበረች የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የተለያየነው በጥቂት ድምፅ ነው፤ ይቆይ ያሉት በለጡ፤ ነገር ግን የቆየው በግዴታ ነው። በጫፍ ያለችው እሾህ በየስድስት ወሩ በመቀስ እንድትቆረጥ፣ ከመንገዱ ሁለት ሜትር እንዲርቅ፣ ዙሪያውን የጉልበት ቁመት ያለው ካብ እንዲሠራለት። ይህን ግዴታ አንድም ጊዜ አላጓደልንም። እናቲቱ ዛሬም በዚያ በኩል አታልፍም፤ በወዲያኛው በር ነው የምትገባው። እኛም «እንዲህ ለምን?» ብለናት አናውቅም።

ስለዚህ ቤታችሁ ስትተክሉ፣ ዛሬ ክንድ የማትሞላው ችግኝ ነገ ወርዷ ሦስት ሜትር እንደምትሆን አስቡ። በበር አጠገብ፣ በመጸዳጃ ቤት መንገድ፣ ልጆች በሚጫወቱበት አትትከሉ። እኛ ከበሩ ያን ያህል ማስጠጋታችን ራሱ ስሕተት ነበር።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሸፈ፤ እንዲህ ያለ ነገር በአርባ ዓመት ውስጥ አልታየም ተባለ። በሴፕቴምበር 2021 የኬንያ መንግሥት ድርቁ ብሔራዊ አደጋ ነው ብሎ አወጀ። ከማዶ በቦረና ያለው ከዚህም የከፋ ነበር። መንገድ ዳር የወደቀውን ከብት ያየ ሁሉ አይረሳውም፤ ብዙ አንናገርም። በሱቃችን በዱቤ ዱቄት የወሰዱ፣ ከብታቸውን ሸጠው ሊከፍሉን የነበሩ ሰዎች ከብቱ አለቀ፤ የዱቤ መዝገቡን ዘግተን አስቀመጥነው። በዚያን ጊዜ ማኅበሩ የሮቶው ውኃ ለአባላትና ለጎረቤት ብቻ እንዲሆን፣ ለግቢው አትክልት አንድ ጠብታ እንዳይፈስ ወሰነ። ሐሳቡን ያቀረብነው ራሳችን ነን። ያቺ በአጥር በኩል የተናገረችን እናት ያን ቀን በጉባኤው ነበረች። ቀና ብላ አየችን፣ እኛም አየናት።

ጽጌረዳዎቹ በመጀመሪያው ወቅት አለቁ። ፓፓያው ቆሞ ደረቀ። ቡገንቪላው ቅጠሉን ሁሉ አራግፎ እንጨት ሆነ፤ በኋላ ግን ተመለሰ። ሽፈራው ቅጠሉን ጥሎ ጠበቀ። ቃጫው ቅጠሎቹ ተሸብሽበው፣ እንደተዘጋ ጃንጥላ ወደ ውስጥ ተሰብስበው፣ የታችኞቹን አንድ በአንድ እያደረቀ፣ መካከሉን አረንጓዴ አድርጎ ቆየ። ሁለት ዓመት ከሰማይ የወረደች ጥቂት ካፊያ ካልሆነ በስተቀር ውኃ አላገኘም።

በ2022 አንድ አርብቶ አደር ጎረቤታችን መጥቶ ለፍየሎቹ ከቅጠሉ ጠየቀን። በትግራይ በበጋ ቅጠሉን ከትፈው ለከብት እንደሚሰጡ ስለሰማን አልከለከልነውም። እሾሁን ከጠርዙም ከጫፉም ገፈን፣ ከትፈን፣ ፀሐይ ላይ አጠውልገን ሰጠነው። አንዳንዷ በላች፣ አንዳንዷ አሽትታ ተወች። እውነቱን እንናገር፤ ቃጫ መኖ አይደለም፣ አብዛኛው ውኃ ነው፣ አፍም ይለበልባል። ሰውዬው ሰባት ፍየሎች ነበሩት፤ ሁለት ቀሩት። ቃጫ ከድርቅ ያድናል ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። ቃጫ የሚያድነው ራሱን ነው። የእኛ ጥቅም ለእርሱ ውኃ አለማውጣታችን ነው፤ ያ ውኃ ለሰው ሆነ።

በ2023 ዝናቡ ተመለሰ፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ኤልኒኞ የሚሉት መጥቶ ጎርፍ ሆነ። ቃጫው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቅጠሎቹ ተዘረጉ፣ ወፈሩ። ዝቅ ካለው ቦታ በቸልታ የተከልናቸው ሁለት ልጆቹ ግን ሁለት ዓመት ድርቅ ችለው በአንድ ወር ጎርፍ በሰበሱ።

እንግዲህ ወደ አበባው ደረስን። በዚህ በ2025 መጀመሪያ ከመካከሉ እንደ ቀርከሃ ቡቃያ ያለ ወፍራም ነገር ብቅ አለ። ልጆቹ በእንጨት ላይ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ ይለኩት ነበር፤ በአንድ ቀን አራት ጣት የሚያህል ያደገበት ጊዜ አለ። ከዚያ እንደ ቤተ ክርስቲያን መቅረዝ ወዲህና ወዲያ ቅርንጫፍ አወጣ፣ በየጫፉ ቢጫ አበባ። ንቡን አይታችኋል። በዚህ ደረቅ ወቅት ከየት እንደሚመጣ አናውቅም፣ ጠዋት ጠዋት ግንዱ ይዘምራል። ሰንበርዷ የአበባ ወፍም አትጠፋም።

ቃጫ ለዚህ አንድ አበባ ነው ዕድሜውን ሁሉ ስኳር የሚያጠራቅመው። አጋቬ አሜሪካና ለማበብ እንደ ቦታው ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመት ይፈጅበታል። በሜክሲኮ ሰዎች ግንዱ ሊወጣ ሲል መካከሉን ፈልፍለው ጣፋጩን ፈሳሽ ይቀዱና ፑልኬ የሚባል መጠጥ ይጠምቃሉ፤ ቴኪላ የሚባለውም ከሌላው ወንድሙ ነው። ይህን ስንናገር አንድ አባታችን «ጌሾ ቢገባበትስ?» ብለው ጠይቀውናል። አባባ፣ ጊዜው አልፏል፣ አበባው ጠጥቶታል።

ስኳሩና ውኃው ሁሉ ወደ ግንዱ ሲወጣ ቅጠሉ ባዶ ይሆናል፤ ያበበውም ይሞታል። ይህ ተክሉ በመጣበት አገር ሜክሲኮም፣ በትግራይም፣ አዲስ አበባም የሆነ፣ የሚሆን ነው። በሽታ አይደለም፤ የእርግማን ምልክትም አይደለም። በ2001 ተተከለ፣ ሃያ አራት ዓመት ኖረ፣ ዕድሜው ደረሰ። ማኅበሩና ተክሉ እኩያ ስለሆኑ ቀኑ ተገጣጠመ እንጂ ሌላ ነገር የለውም። ግንዱን ብንቆርጠውም አይድንም። የምናጣው ንቡንና ጥላውን ነው። በሽታ የሚያጠቃው ጊዜ ግን ይኸው ነው፤ አፍንጫው እንደ ዝሆን ኩምቢ የረዘመ ጥቁር ጢንዚዛ ወደ ሥሩ ገብቶ እንቁላል ይጥላል፣ ትሉ ሥሩን ይበላዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሥሩን እንፈትሻለን፤ ከተገኘ ያን ጊዜ ነቅለን እናቃጥላለን፣ ማንንም አናስቸግርም።

ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አበባው እስኪያልቅ ግንዱ ይቆይ። ከዚያ ሲደርቅ፣ ነፋስ ሳይጥለው፣ በገመድ ይዘን እንቆርጠዋለን፤ ሹፌሩ ወንድማችን በዚህ የታወቀ ነው። የደረቀው ግንድ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ በሰሜኑ ለቤት ሥራ ይገለገሉበታል፣ እኛም ለዶሮው ቤት ጣሪያ አስበነዋል። መጋዝ ይዞ የመጣው ወንድማችን መጋዙን ይዞ ያን ቀን ይምጣ፤ ሥራው የእርሱ ይሁን። ጉባኤው ሌላ ከወሰነ እንታዘዛለን።

ቀሪው የልጆቹ ነገር ነው። በእናቲቱ ሥር አሥራ አንድ ልጆች ቆጥረናል። ሦስቱ እዚያው ይቀራሉ፣ ግን ከበሩ ርቀው። ስምንቱን ለአባላት እናድላለን። ከዚህ ቀደም ከእኛ ወስዶ በልክ ያላጠጣ ሰው በመዝገባችን አለ፤ እርሱም ቢሆን ይሰጠዋል፣ እኛ አምስት ገድለናልና። ሁለት ነገር ብቻ እናስጠነቅቃለን። አንደኛ፣ የማይፈልገውን ሰው ወደ ዱር አይጣል። መጤ ተክል ዱር ሲገባ ምን እንደሚሆን ማቴንጌን ያየ ያውቃል፤ የባሪንጎ ሰዎች እርሱን በልታ ጥርሷ የረገፈ ፍየል ይዘው መንግሥትን ፍርድ ቤት እስከ መክሰስ ደርሰዋል። ቁልቋሉም ላይኪፒያ ላይ ግጦሹን ወርሶታል። የተረፈ ካለ ወደ እኛ ይመለስ። ሁለተኛ፣ ከማዶ ለሚኖር ዘመድ ለመስጠት የምታስቡ አላችሁ። ዘመዳችን ከዚህ የሚርቀው በአንድ ኬላና በአንድ ማኅተም ቢሆንም፣ ተክል ድንበር ለማሻገር የዕፅዋት ጤና ፈቃድ ይጠየቃል። በሻንጣ ደብቃችሁ ኬላው ላይ እንዳትዋረዱ፤ እኛ ፈቃዱን እንዴት እንደሚወጣ ጠይቀን ሁለት ቤተሰብ አንድ ላይ እንዲያወጣ እናደርጋለን።

ልጆቹ ትናንት ተቆርጠዋል፤ አዳራሹ ጀርባ ባለው ጥላ ላይ ቁስላቸው እየደረቀ ነው። እስከሚመጣው ቅዳሜ አይሰጡም። የሚፈልግ ዛሬ ከምሳ በኋላ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ስሙን ያስመዝግብ፤ ሕፃን ያለበት ቤት የት እንደሚተክል አብሮ ይንገረን፣ መጥተን ቦታውን እናያለን። ቅዳሜ ስትመጡ ጓንት ያዙ፤ ጓንት የሌለው ወፍራም ጆንያ ይያዝ።